34 ዓመቴ ነው፣ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

አዲስ ገቢ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ነገሬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር በዲቪ ከመጣን ዓመት ከሦስት ወር ሆነን። የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። አገር ቤት በአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ፣ ሰባት ዓመትም በሙያው ሠርቻለሁ። እዚህ ከሰኞ እስከ ዓርብ በሺፍት ፓርኪንግ እሠራለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ምግብ አደርሳለሁ። ተመስገን፣ ኪራይ አላለፈብንም። ግን ጠዋት ስነሳ ወዴት እየሄድኩ እንደሆነ አላውቀውም።

ሰሞኑን አብሮኝ የሚሠራ ልጅ "ኖቫ ግባ" አለኝ። ለማታውቁት፣ ኖቫ የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ነው፣ ከቤቴ በአውቶቡስ 20 ደቂቃ ቢሆን ነው። ደስ ብሎኝ ለአጎቴ ልጅ ስነግረው ሳቀብኝ። "ዲግሪ ይዘህ ኮሌጅ? እሱ እኮ ዩኒቨርሲቲ ላልመጣላቸው ነው። ወይ ማስተርስ ጀምር፣ ወይ ሲዲኤል አውጣና ትራክ ንዳ" አለኝ። እዚህ አገር 15 ዓመት ስለኖረ ሰማሁት፣ ሆዴ ግን አልተቀበለውም።

እስቲ የተማራችሁበት ንገሩኝ። ጥቅሙ በትክክል ምኑ ላይ ነው? መንግሥት ይከፍላል የሚባለው እውነት ነው? ከዚያ ዩኒቨርሲቲ መሻገር ይቻላል? እንግሊዝኛ ማንበብና መጻፍ አያቅተኝም፣ ሲያወሩ ነው የሚፈጥኑብኝ። ሐሳባችን መጀመሪያ እኔ ተምሬ ሥራዬ ሲስተካከል ባለቤቴ እንድትቀጥል ነው። እሷ 12ኛን ጨርሳ የነርሲንግ ዲፕሎማ ጀምራ ነበር፣ የመጀመሪያው ልጅ ሲመጣ አቋረጠችው።

ባለ ቶዮታው፦

ወንድሜ፣ ማንም ሳያሞቅህ በፊት እኔ ቀዝቃዛውን ልንገርህ።

ሁለት ዓመት ነው ብለውኝ ገባሁ፣ አምስት ዓመት ፈጀብኝ። ኡበር እየነዳሁ በሴሚስተር ሁለት ኮርስ ብቻ ነበር የምወስደው፣ አንዳንዴ አንድ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እናቴ ታማ አገር ቤት ሄጄ ጭራሽ ዘለልኩት። በመጨረሻ ዲግሪውን ያዝኩ። ዩኒቨርሲቲ ልሻገር ስል ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ክሬዲቴን አልተቀበሉኝም። ለምን? የወሰድኩት ፕሮግራም ተጨርሶ ሥራ የሚገባበት እንጂ ለመሻገር የተሠራ አልነበረም። ስሙ በአንድ ቃል ነው የሚለየው! አሶሺየት ኦፍ ሳይንስ የሚባለው ለመሻገር ነው፣ አሶሺየት ኦፍ አፕላይድ ሳይንስ የሚባለው በአብዛኛው ቀጥታ ለሥራ ነው። ነርሲንግን የመሰሉት አፕላይድ ሆነውም መቀጠያ መንገድ አላቸው፣ የኔው አልነበረውም። ኮሌጁን ስም አልጠራም። የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ሰልፍ ያለበት መስኮት ሁሉ ትክክለኛው መስኮት እየመሰለን እኮ ነው የምንኖረው።

ደግሞ ቁጥሩን እወቀው። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ከሚገቡት አብዛኞቹ የአራት ዓመት ዲግሪ እንይዛለን ብለው ነው የሚጀምሩት። በስድስት ዓመት ውስጥ የሚይዙት ግን ከአምስት አንድ እንኳ አይሞሉም። ሰነፍ ሆነው አይደለም። ሺፍት አለ፣ ልጅ አለ፣ አገር ቤት የሚላክ ብር አለ።

ይኼን ሁሉ ብዬም ምነው ባልገባሁ ኖሮ አልልም። ዕዳ የለብኝም። አብረውኝ ከመጡት ውስጥ ቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ 40 ሺህ ዶላር ሎን ተሸክሞ ያቋረጠ ልጅ አለ፣ እሱም እንደኔ ይነዳል፣ ልዩነታችን በየወሩ የሚቆረጥበት ነገር ነው።

ጋሽ መምህር፦

የአጎትህ ልጅ የሳቀው በኮሌጁ አይደለም፣ በቃሉ ነው። አገራችን ውስጥ "ኮሌጅ ገባ" ማለት ማትሪክ ነጥብ አልመጣለትም ማለት ሆኖ ኖሯል። ዩኒቨርሲቲ የተመደበው ሻንጣ ይዞ ይሸኛል፣ ያልተመደበው ሰፈር ካለ ኮሌጅ ይመዘገባል፣ እናትም ለጎረቤት ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። ያንን ትዝታ ይዘን መጥተን እዚህ ያለው ላይ ለጠፍነው።

እዚህ ነገሩ ሌላ ነው። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሁሉንም ይቀበላል፣ ኤስኤቲ የሚባለውን የመግቢያ ፈተና አይጠይቅም፣ 18 ዓመት ይሁንህ 60 ግድ የለውም። ጂል ባይደን ባሏ ምክትል ፕሬዚዳንት ሳለ፣ ኋላም ፕሬዚዳንት ሆኖ እሷ ዋይት ሃውስ እየኖረች፣ አንተ ልትገባበት የምታስበው ኖቫ ውስጥ እንግሊዝኛ ታስተምር ነበር። የጥበቃ ሰዎቿ ኮሪደር ላይ ቆመው፣ እሷ ድርሰት ስታርም። ይኼን ለአጎትህ ልጅ ንገረው፣ ሲስቅ ደግመህ ንገረው።

መሻገርን በተመለከተ፦ የቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጆች ከስቴቱ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ውል አላቸው። የተባለውን ኮርስ ወስደህ የተባለውን ውጤት ካመጣህ መግቢያህ የተረጋገጠ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቨርጂኒያም ቨርጂኒያ ቴክም ሳይቀሩ። ኖቫ ደግሞ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር ከ2018 ጀምሮ አድቫንስ የሚባል ፕሮግራም አለው፣ ገና ኖቫ ሳለህ ሜሰን የሚፈልገው ኮርስ ተለይቶ ይሰጥሃል። ባለ ቶዮታውን ያቃጠለው ነገር እዚያ ውስጥ ላለ ልጅ አይደርስበትም። በመጨረሻ የምትይዘው ወረቀት ላይ የሚጻፈው የዩኒቨርሲቲው ስም ነው። ሁለቱን ዓመት የት እንደተማርክ ማንም አይጽፍበትም።

ዋጋው ላይ፣ ኖቫ ለቨርጂኒያ ነዋሪ አንድ ክሬዲት 200 ዶላር ገደማ ነው፣ ሙሉ ዓመት 30 ክሬዲት ብትወስድ ስድስት ሺህ አካባቢ። ሜሰን ለዚያው ነዋሪ በዓመት ከ13 ሺህ በላይ ነው። የመጀመሪያው ዓመት እንግሊዝኛ ያው እንግሊዝኛ ነው፣ ሂሳቡም ያው። ኮሌጁ ውስጥ ደግሞ ክፍሉ ትንሽ ስለሆነ አስተማሪው ስምህን ያውቀዋል፣ አጠራሩን ቢያጣምመውም። ነዋሪ ለመባል ቢያንስ አንድ ዓመት መኖር ያስፈልጋል፣ አንተ አልፈኸዋል። ሳይሞላቸው ተጣድፈው የተመዘገቡ እጥፍ ገደማ ሲከፍሉ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ያመኛል። ትምህርቱ ሲከብዳችሁ ዝም ብላችሁ አትቅሩ! የኛ ሰው ፀባይ ነው፣ አፍሮ ይቀራል። መውጫ ቀን አለው። የመጀመሪያው የመውጫ ቀን ሳያልፍ ከወጣህ ገንዘብህ ይመለሳል፣ ከዚያ በኋላ ከወጣህ ደብልዩ፣ ማለትም አቋርጦ ወጣ የሚል ምልክት፣ ይጻፍብሃል፣ ምንም ሳትናገር ከቀረህ ግን ኤፍ ነው። የመንግሥት እርዳታ ላይ ከነበርክም መልስ ተብለህ ዕዳ ይመጣብሃል።

ዴቢት ክሬዲት፦

እኔም አካውንታንት ነኝ፣ እንዳንተው አገር ቤት ነው የተማርኩት፣ ስለዚህ ለሙያህ ብቻ ልመልስ።

ሌላ ዲግሪ ከዜሮ አትጀምር። ዲግሪህን አስገምግም። ዌስ የሚባለው ድርጅት አለ፣ ሌሎችም አሉ። የተማርክበት ዩኒቨርሲቲ ትራንስክሪፕቱን ራሱ እንዲልክ ስለሚፈለግ አዲስ አበባ ያለ ሰው አስሩጥ፣ ይኼ ክፍል ነው ጨጓራ የሚልጠው። ከአሜሪካ ባችለር ጋር እኩል ነው ከተባለልህ ኮሚኒቲ ኮሌጁን እንደ ገበያ ተጠቀምበት። የጎደለህን ብቻ ገዝተህ ውጣ። የአሜሪካ ታክስ፣ ኩዊክቡክስ የሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር፣ ምናልባት የቢዝነስ ኮሙኒኬሽን አንድ ኮርስ። ሦስት አራት ኮርስ ነው፣ ማታ ወይ ኦንላይን። ወደፊት ሲፒኤ፣ የአካውንታንት ፈቃዱን፣ ካሰብክ ፈቃድ ሰጪው ቦርድ የትኛውን ክሬዲት እንደሚቀበል ከመክፈልህ በፊት ጠይቅ።

ሌላው ደግሞ ማንም የማይነግርህ ነገር፣ ቪታ የሚባል የአይአርኤስ፣ የግብር መሥሪያ ቤቱ፣ የበጎ ፈቃድ ፕሮግራም አለ። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች ታክስ በነጻ ይሠራል። አሠልጥነው ፈትነው ያስገቡሃል፣ ከጥር መጨረሻ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ትሠራለህ፣ በፈረንጅ ነው የምልህ። ደሞዝ የለውም። ግን ሲቪህ ላይ የመጀመሪያው የአሜሪካ መስመር ይሆናል፣ ጆሮህም ይከፈታል፣ ምክንያቱም ቀኑን ሙሉ ሰው ፊትህ ተቀምጦ ያወራሃል። ለኔ የመጀመሪያውን የቢሮ ሥራ ያስገኘልኝ እሱ ነው።

አሽበርን፦

ለወጣቶቹ ብቻ፦ እዚሁ ሰሜን ቨርጂኒያ ያለው ላውደን ካውንቲ በዓለም ዳታ ሴንተር፣ የኢንተርኔት ኮምፒውተሮች የሚቀመጡበት ሕንጻ፣ በብዛት የተከማቸበት ቦታ ነው፣ ኖቫም የዳታ ሴንተር ኦፕሬሽን ትምህርት ይሰጣል። ኮድ መጻፍ አይደለም፣ መብራት፣ ማቀዝቀዣ፣ ጄኔሬተር ነው። አገር ቤት ኤሌክትሪክ የተማራችሁ እዩት። እኔ በዚያ ነው የገባሁት፣ ተመስገን ነው።

የማታ ነርስ፦

ሁላችሁም ስለ እሱ ታወራላችሁ። ሚስትየውስ?

ወንድሜ፣ አትቀየመኝ፣ ግን ተራውን ገልብጠኸዋል። ፋፍሳ የሚባለውን ቅጽ ስትሞላ መንግሥት የሚሰጠው የማይመለስ ገንዘብ ፔል ግራንት ይባላል። ባችለር ዲግሪ ያለው ሰው ፔል አያገኝም። ዲግሪው የኢትዮጵያም ቢሆን፣ እዚህ አገር ሥራ ባያስገኝም፣ አያገኝም። አንተ በአብዛኛው የምታገኘው ሎን ነው። ባለቤትህ ግን ዲግሪ የላትም። ግሪን ካርድ አላት፣ 12ኛን ጨርሳለች። "መንግሥት ይከፍላል" የሚሉት ለእሷ ነው እውነት የሚሆነው።

ሂሳቡን ላስላላችሁ። የ2025-26 የትምህርት ዓመት ከፍተኛው ፔል 7,395 ዶላር ነው። እሷ በሴሚስተር 12 ክሬዲት ብትወስድ እንደ ሙሉ ጊዜ ተማሪ ትቆጠራለች፣ በዓመት 24 ክሬዲት፣ ጋሽ መምህር ባሉት ዋጋ አምስት ሺህ አይሞላም። የተረፈው ለመጽሐፍና ለመንገድ ለእሷው ይሰጣታል። 12 ካልሞላች በዚያው ልክ ይቀነሳል እንጂ አይቀርም። ደግሞ ቅጹ የሚያየው ገቢ ከሁለት ዓመት በፊት የነበረውን ነው። ያኔ የት ነበራችሁ? አገር ቤት! በብር ያገኛችሁትን ወደ ዶላር ቀይራችሁ ነው የምትሞሉት። እንግዲህ የብር ደሞዝ በዶላር ሲመነዘር ምን እንደሚመስል እኔ አልነግርህም። ይኼ ዕድል ለዘላለም አይቆይም፣ ነገ እዚህ የሠራችሁት ገቢ ይመጣል።

አሁን ለእህቴ። ይኼን የምታነቢ ከሆነ፣ እኔም ልጅ አዝዬ ነው የጀመርኩት። መጀመሪያ ሲኤንኤ፣ የነርስ ረዳት ሥልጠና፣ ወሰድኩ፣ ጥቂት ሳምንት ነው፣ አረጋውያን ቤት ማታ ማታ ሠራሁ፣ ወገቤን ቀጨኝ። ከዚያ ሜሪላንድ ያለው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ ታኮማ ፓርክ ያለው ካምፓስ። መጀመሪያው ሴሚስተር ላይ አናቶሚ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አስተማሪው የሚለው እንደ ዝናብ ጣራ ላይ ይንኳኳ ነበር፣ የሚገባ የለም። እየቀዳሁ አውቶቡስ ውስጥ እሰማው ጀመር፣ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። ኮሌጁ ውስጥ ነጻ አስጠኚ እንዳለ ያወቅኩት ስምንተኛው ሳምንት ላይ ነው። አንቺ የመጀመሪያው ሳምንት ሂጂ።

የሁለት ዓመቱን ነርሲንግ የጨረሰች ልጅ የምትፈተነው ፈተና የአራት ዓመቷ ከምትፈተነው ጋር አንድ ነው፣ ኤንክሌክስ። አርኤን፣ ፈቃድ ያላት ነርስ ማለት፣ ያው አርኤን ነው። አንዳንድ ሆስፒታል ባችለር ያላትን ያስቀድማል፣ እውነት ነው። እኔን ግን የቀጠረኝ ሆስፒታል ራሱ እየከፈለ ባችለሩን በኦንላይን ጨረስኩት።

አልዋሽሽም፣ ኮሌጁ መግባትና ነርሲንግ መግባት ሁለት ነገር ነው። ኮሌጁ ሁሉን ይቀበላል፣ ነርሲንጉ ግን ውድድር ነው። አናቶሚና ፊዚዮሎጂውን፣ እንግሊዝኛውንና ሳይኮሎጂውን የመሰሉትን መጀመሪያ ትወስጃለሽ፣ በእነሱ ውጤትም ጭምር ነው የሚመረጠው። ስለዚህ ሳይንሱን ከሦስት ሌላ ኮርስ ጋር አትከምሪው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ቢቀልሽ ይሻላል። ኖቫ የጤናው ትምህርት ስፕሪንግፊልድ ባለው ካምፓስ ነው፣ ሌላውን እዚያው አሌክሳንድሪያ ትጀምሪያለሽ።

አዲስ ገቢ፦

ማታ ነው ያነበብኩት፣ ሥራ ላይ ሆኜ፣ መኪና የሚወጣውን ሰውዬ አስቁሜው ረሳሁት።

እውነቱን ልናገር፣ የፔሉን ነገር ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ዓመት ከሦስት ወር ሙሉ "እኔ ልቅደም" ስል የነበረው ለቤቱ የሚጠቅም መስሎኝ ነው። ለባለቤቴ አነበብኩላት፣ ዝም አለች፣ ከዚያ "ዲፕሎማውን ሳቋርጥ ደብተሮቼን አልጣልኳቸውም ነበር እኮ፣ እናቴ ቤት ናቸው" አለችኝ። ይኼንንም አላውቅም ነበር።

አንድ ጥያቄ። አንድ ወዳጄ "አንተም ዲግሪ የለኝም፣ 12ኛ ብቻ ነኝ በል፣ የአገር ቤቱን ማን ያውቀዋል" አለኝ። እንዲህ የሚያደርግ ሰው አለ?

ባለ ቶዮታው፦

አለ። አንተ አታድርገው። የፌዴራል ቅጽ ነው፣ ፈርመህበት ነው የምታስገባው፣ ሲታወቅ ገንዘቡን መመለስ ከቅጣቱ ሁሉ ትንሹ ነው። ደግሞ ዛሬ 12ኛ ነኝ ብለህ ነገ ያንኑ ዲግሪ ለሥራ ልታስገመግም? ዜግነት ስትጠይቅስ? ዴቢት ክሬዲት የነገረህን ሦስት አራት ኮርስ ከኪስህ ክፈል፣ በአንድ ሴሚስተር አንድ አንድ ብትወስደው 600 ዶላር ገደማ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠንከር ብለህ እያደረስክ ትሸፍነዋለህ።

እሷ ግን ስትገባ አንድ ነገር አደራ። ከመመዝገቧ በፊት አድቫይዘሩን "ይኼ ኮርስ ነርሲንግ ያስገባኛል ወይ፣ ኋላስ ባችለሩ ላይ ይቆጠርልኛል ወይ" ብላ ትጠይቀው፣ መልሱንም በኢሜይል ይጻፍላት። በአፍ የተባለ ነገር እኔን የት እንዳደረሰኝ አይታችኋል።

ጋሽ መምህር፦

እንግሊዝኛ መመደቢያ አለ፣ ከንቱ ኩራት ይዟት ከባዱ ክፍል ካልገባሁ እንዳትል። በሌላ በኩል ደግሞ ኢኤስኤል በሚባለው፣ እንግሊዝኛ አፋቸውን ላልፈቱበት በሚሰጠው ክፍል ውስጥ ዓመት እንዳትቀመጥ፣ አብዛኛው ለዲግሪው አይቆጠርም፣ እርዳታው ግን እየተቆረጠ ነው የሚሄደው፣ ፔል በዕድሜ ልክ የ12 ሴሚስተር ገደብ አለው። እስከዚያ ቤተ መጻሕፍት ሄዳችሁ በነጻ ተለማመዱ፣ ሁለታችሁም። አንተ በተለይ። ሲፈጥኑብህ "ይድገሙልኝ" ማለት ነውር አይደለም።

አዲስ ገቢ፦

እሺ ጋሼ። እግዜር ይስጥልን፣ ሁላችሁንም።

ትናንት ፋፍሳውን አብረን ጀመርነው። አንድ ሰዓት ይፈጃል ብለን ሦስት ሰዓት ፈጀ፣ ግማሹ የይለፍ ቃል ፍለጋ ነው። የ12ኛ ወረቀቷ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ማስተርጎም አላስፈለገም። ማክሰኞ አድቫይዘር ጋ ቀጠሮ አላት፣ ጥያቄዎቹን ከዚህ ገልብጣ ጽፋለች፣ "በኢሜይል ይጻፉልኝ" የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። እኔ አለቃዬን ጠይቄ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ከልጆቹ ጋር እንድሆን ሺፍቴን ቀየርኩ። ትንሹ ያለ እናቱ እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ እናያለን። የአጎቴ ልጅ ደውሎ "የቱን መረጥክ፣ ማስተርስ ወይስ ትራክ?" አለኝ። "ሚስቴ ነርስ ልትሆን ነው" አልኩት።

የማታ ነርስ፣ አንድ ነገር ብቻ። የአናቶሚ መጽሐፉን ዋጋ አይተን ደነገጥን። ያገለገለ የት ይገኛል?

የማታ ነርስ፦

እኔ ጋ አለ። እትሙ አሮጌ ነው፣ አጥንት ግን አልተቀየረም። አስተማሪዋ አሮጌ እትም ይፈቅዱ እንደሆነ ትጠይቅና በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ዳሩ ላይ በአማርኛ የጻፍኩበት ብዙ ነው፣ "ይኼን ደግሞ ማን አወጣው" የሚሉም አሉበት፣ እንዳትስቅብኝ።